አራቱ የወይራ ሽብልቆች

ሞላሌ፣ ጋሽ ወልዴ የእንጨት ሥራ ቤት የገባሁ ዕለት መጋዝም መዶሻም አላስነኩኝም። ደጃፉ ላይ አንድ የወይራ ጉማጅ፣ አንድ ስለታም ቢላዋና አንድ አሮጌ ሽብልቅ ሰጡኝና «ይህንን የሚመስል እየጠረብክ ተቀመጥ» አሉኝ። ያኔ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አባቴ ቤት ሞፈርና ቀንበር ስጠርብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የናቁኝ መስሎኝ ውስጤ እየተቃጠለ ተቀምጬ ጠረብኩ።

ወደ ማታ መጡና የጠረብኩትን ክምር አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። አብዛኛውን ወደ ማገዶው ወረወሩት። የተረፉትን ጥቂቶች መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ «ጠረጴዛን የሚያቆመው ጣውላው አይደለም፣ እግሩም አይደለም። ይቺ ናት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ሥራዬ ሽብልቅ መጥረብ ብቻ ሆነ።

ዛሬ ወጣት አናጢዎች በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ፣ ገዢው እቤቱ ወስዶ የሚገጥመው ዕቃ ሲያዩ ትናንት የተፈጠረ ነገር ይመስላቸዋል። እኛ በአምሳዎቹ ዓመታት መንዝ ውስጥ ተገጣጣሚ ጠረጴዛ በአህያ እየጫንን እንሸጥ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመፎከር አይደለም። ከዚያ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ስላለ ነው፤ እሱን ለመናገር ደግሞ የአንድ ጠረጴዛ ታሪክ ማውራት አለብኝ።

ጋሽ ወልዴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። ሞርሳውን፣ ስኳድራውን፣ መላጊያውንና ባንኮ የሚባለውን ትልቅ የሥራ ጠረጴዛ ይዘው የተመለሱት ከዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ከተማው ሰው እግሩ በኮላ የተጣበቀ፣ ሙሉ ጠረጴዛ ይሠሩ ነበር። ገዢው ግን ገደል ለገደል ነው የሚሄደው። እግሩን የዘረጋ ጠረጴዛ አህያ ላይ ሲጫን ነፋስ ይመታዋል፣ ካብ ይጎትተዋል፣ ግማሹ ሳይደርስ ይሰበራል።

ስለዚህ ጠረጴዛውን አፈረሱት። ሁለት ጥንድ እግር፣ ሁለት ረጅም አግዳሚ፣ አንድ ገጽ፣ አራት ሽብልቅ። የአግዳሚው ጫፍ እንደ ምላስ ይወጣል። ምላሱ በእግሩ ቀዳዳ በኩል ገብቶ በወዲያ ማዶ ብቅ ሲል፣ እሱ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ሽብልቁ ይመታል። በቃ፤ ምስማር የለ፣ ኮላ የለ። ዋጋውም ከአንድ ሙክት ያንስ ስለነበር ደህና ገበሬም ድሃ ቄስም ይገዛው ነበር።

ለምን በቪቴ እንደማያስሩት አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ቪቴ ቢጠፋበት ከየት ያመጣል? ካቻቪቴስ የማን ቤት አለ? ሽብልቅ በድንጋይም ይመታል» አሉኝ።

ማንበብ ለማይችለው ሰው ደግሞ ምልክት ነበረን። አንድ ጭረት ያለበት ምላስ አንድ ጭረት ያለበት ቀዳዳ ይገባል፣ ሁለት ያለበት ሁለት ያለበት ውስጥ። ገዢ ሲመጣ ጋሽ ወልዴ ፊቱ ይገጥሙና ያፈርሱታል። ቀጥሎ ራሱ እንዲገጥመው ያደርጋሉ። ገጥሞ ካልጨረሰ አይሸጡለትም።

መጀመሪያ ላይ የማይስቅብን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ በጠፍር የታሰረውን ሸክም ከፍ ዝቅ አድርገው አይተው «ጠረጴዛ ነው የገዛሁት ወይስ ማገዶ?» ብለውናል። ጋሽ ወልዴም «ደስ ያሰኝዎት እንደሆነ ጠረጴዛ ነው፤ ካስቀየመዎት ማገዶ ያድርጉት» አሏቸው። ሽማግሌው በሚቀጥለው ገበያ ለልጃቸው ሁለተኛ ገዙ።

በጣም የተፈለገው ጠባቡ የመግቢያ ጠረጴዛ ነው። በእኛ አገር ቤት ዕቃ የሚሰቀለው ግድግዳ ላይ በተተከለ ቀንድ ነው፣ አለዚያም መደብ ላይ ይጣላል። አንድ የወረዳ ጸሐፊ ባርኔጣውንና ፋኖሱን የሚያኖርበት ጠባብ ጠረጴዛ ለበሩ ጥግ አሠራ። እሱን ያዩት ካህናት መስቀላቸውንና ዳዊታቸውን የሚያኖሩበት አሠሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራ ቤታችን የሚታወቀው በዚያ ጠረጴዛ ሆነ።

እትዬ አስካለ የመጡት በአንድ የገበያ ቀን ነው። ከሞላሌ ወደ ዘመሮ አቅጣጫ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ደብር ነው የመጡት። የመሪጌታ ሀብቴ ባለቤት ናቸው። መሪጌታ ሀብቴን አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ ድጓ አስተማሪ ናቸው፣ በማኅሌት ጊዜ የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ግን ጥቂት ዓመት ሆኖታል።

«ምን ያህል ይችላል?» አሉ እትዬ አስካለ ለናሙና የቆመውን ጠረጴዛ እየገፉ።

«ምን ሊያስቀምጡበት ነው?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ሰው ሊደገፍበት ነው።»

ጋሽ ወልዴ መላጊያቸውን አስቀመጡና በርጩማ ሰጧቸው። እትዬ አስካለ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይኸውልዎ፣ ከቤት እስከ ደብሩ ያለውን መንገድ የኔታ አሳምረው ያውቁታል። ግራ ቀኙ ካብ ነው፤ መቋሚያቸውን ካቡ ላይ እያስነኩ ይደርሳሉ። ጣጣው እቤቴ ውስጥ ነው። ትናንት እዚህ የነበረ መቋሚያ ዛሬ የለም። ሻሹ ወድቆ በግ ተኝቶበታል። እሱን ሲፈልጉ ይረፍዳል። ሲወጡ ደግሞ ጥጃው ያደናቅፋቸዋል።»

«ተማሪዎቻቸው አይመሯቸውም?»

«ይህንንስ አያንሱት። ሰው እጄን ይዞኝ ከምቆም እቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል ነው የሚሉ። የደብሩ አለቃ እንደሆኑ ሰሞኑን ‹የኔታ ይረፉ፣ በወጣት እንተካቸው› ማለት ጀምረዋል።» ዓይናቸውን ወደ ናሙናው ጠረጴዛ መለሱ። «ከዚያ ቦታ ከተነሡ አንድ ዓመት የሚያድሩልኝ አይመስለኝም፣ ጋሽ ወልዴ። በሩ አጠገብ የማይነቃነቅ ነገር ይኑርልኝ። እጃቸው እሱን ካገኘ ሌላውን እሳቸው ያውቃሉ።»

ጋሽ ወልዴ የተሠራ ጠረጴዛ ሞልቶ ሳለ አዲስ ጀመሩላቸው። የየኔታን ወገብ ቁመት እትዬ አስካለ በራሳቸው አካል አሳዩ። ዕቃ እንዳይንሸራተት የገጹን ዙሪያ ከንፈር አወጡለት። በአንድ ጎኑ መቋሚያው የሚቆምበት ቀዳዳ በመሮ ቀደዱለት። ሽብልቅ ሲፈልጉ ወደ እኔ ክምር መጡና አራት መረጡ። ለትእዛዝ ሥራ የእኔ ሽብልቅ ሲመረጥ የመጀመሪያው ነበር፤ በጣም ደስ አለኝ።

እትዬ አስካለ ፊታችን ሁለት ጊዜ ገጥመው ሁለት ጊዜ አፈረሱት። እጃቸው የተባረከ ነበር፣ ጭረቱንም ቶሎ ለዩት። ጠረጴዛውን አህያቸው ላይ ጭነን ጠፍሩን ሳጠብቅ «ተሰማ፣ ቀስ አድርገህ፤ እንደ ልጅ ነው የምይዘው» አሉኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። የሆነውም በዚህ ነው።

ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ አንድ የዚያ ደብር ሰው ከሥራ ቤታችን ፊት ቆመ። «የኔታን የጣለው ጠረጴዛ የወጣው ከዚህ ነው?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሁለት ሰዎች ሊገጥሙ የጀመሩትን ጠረጴዛ አስቀምጠው ቀና አሉ።

ሰውየው ነገሩን ዘረዘረው። የኔታ ጠዋት ወደ ደብር ሊወጡ ጠረጴዛውን ተደግፈው መቋሚያቸውን ሊያነሱ ሲሉ ከሥራቸው ለሁለት ተከፈለ። የመድረኩ ድንጋይ ላይ ወደቁና ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻ አስሮላቸዋል። የደብሩ አለቃም ሌላ ሰው በቦታቸው አቁመዋል። የኔታም ራሳቸው «ከእንግዲህ ተዉኝ» ብለዋል።

ሁለቱ ሰዎች ሳይገዙ ሄዱ። በማግሥቱ ሳይነጋ ጋሽ ወልዴ ሥራ ቤቱን ቆልፈው መሮ፣ ትንሽ መጋዝ፣ የእንጨት መዶሻና አንድ ደረቅ የወይራ ጉማጅ በአቁማዳ ከተቱ። «ተነሥ፣ እንሄዳለን» አሉኝ። ያን መንገድ ሁሉ እኔ የማስበው ስለ የኔታ ክንድ አልነበረም፣ ስለ ሽብልቆቼ ነበር። ቀጭን ጠርቤ ይሆን? ተሰንጥቀው ይሆን? እያልኩ ራሴን በላሁት።

ስንደርስ እትዬ አስካለ በር ላይ ተቀበሉን። አልተቆጡም። ፊታቸው ግን በዚያች ጥቂት ጊዜ አርጅቶ ነበር። የጠረጴዛውን አካላት በባና ጠቅልለው ከጎተራው ሥር አስቀምጠውታል። አውጥተው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘረጉልን።

እንጨቱ ያብረቀርቅ ነበር። ጋሽ ወልዴ አንዱን አግዳሚ አንስተው ምላሱን በአውራ ጣታቸው አሹትና ጣታቸውን አሸተቱ። እኔም አንዱን ሽብልቅ አነሳሁ። የእኔ ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ አልቀጠነም። ግን ከጣቶቼ መሀል ሾልኮ መሬት ወደቀ።

«አያያዙ ጎድሎበት እንዳይመስልዎ» አሉ እትዬ አስካለ። «እንደመጣ ነው ቅቤ ያጠጣሁት። እያንዳንዱን ለብቻ፣ ሽብልቋ እንኳ አልቀረችኝም። ጠግቦ እስኪወዛ ቀባሁት፣ ፀሐይ አሞቅኩት፣ ደግሞ ቀባሁት።»

አገሬን ለማያውቅ ሰው ልንገር። መንዝ ነፋሱ ደረቅ ነው፣ ብርዱም ይሰነጥቃል። አዲስ ገበታ፣ አዲስ ገንዳ፣ አዲስ ጠፍር ቅቤ ሳይጠጣ ሥራ አይጀምርም። ባልትና ያላት ሴት የገዛችውን እንጨት ደረቁን አትተወውም። ለሚወዱት ሰው የገዙትንማ እንዴት ይተዉታል። ግን በቅቤ የወዛ ሽብልቅ አይነክስም። ሰው በተደገፈ ቁጥር ቀስ እያለ ይወጣል፣ አንድ ቀን ሾልኮ ይወድቃል።

ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ወልዴ ሳያዩኝ «ተሰማ፣ አቁማዳውን አምጣ» አሉኝ። አመጣሁ። ያን ጊዜ ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ፤ ገባኝና ዝም አልኩ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አሉ እትዬ አስካለ። ሁለቱን እጆቻቸውን አጣምረው ቆመው ነበር።

«መጀመሪያ የኔታን ልይ» አሉ ጋሽ ወልዴ።

የኔታ መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቀኝ ክንዳቸው በሸንበቆ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጠረጴዛው የወደቀው ሽብልቁ ቀጥኖ ስለነበረ ነው። የእኛ የሠሪዎቹ ጥፋት ነው» አሉ። እትዬ አስካለ እበሩ ላይ ሆነው ሲሰሙ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ትንፋሹን እኔም ሰማሁት።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ይሳሳታል» ብቻ አሉ።

እኔ ግን ወጥቼ ከጓሮ ሄድኩ። ስንት ወር የጠረብኩት፣ ስንቱን ማገዶ ያደረጉብኝ ሰው፣ ምንም ያልሆነውን ሽብልቄን ቀጭን ነው አሉት። ጋሽ ወልዴ ተከትለውኝ መጡ።

«ቅቤው ነው» አልኳቸው። «እርስዎም አሽትተውታል።»

«አሽትቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን የኔን ሥራ ያሰድቡታል? ከገበያው መሀል ሰውየው ሲጮህብን አልሰሙም? ሥራ ቤቱ ነው የሚዘጋው።»

የወይራውን ጉማጅ አጠገቤ አስቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔታ ክንዳቸው ይድናል ወይም አይድንም፣ እኔ አላውቅም። ባይድን እሷ ናት እድሜ ልኳን አብራቸው የምትኖረው፤ እጇን እያየች። አንተ ነገ ሌላ ሽብልቅ ትጠርባለህ» አሉኝ። ቀጥለውም «ቅቤ እንዳይነካው አልነገርኳትም። ሁሉን ነገር ተናግሬ እሱን አልተናገርኩም። ስለዚህ ውሸቱ ከእውነቱ ያን ያህል አይርቅም» አሉ። ቢላዋዬን አወጣሁ።

የቀረውን ቀን ሠራን። ጋሽ ወልዴ ምላሶቹን በመሮ እየላጩ ቅባቱን አስወገዱ፣ ከምድጃ አመድ አምጥተው ቀዳዳዎቹን አሹ፣ አካላቱን ከእሳት ራቅ አድርገው አደረቁ። ምላሱ ስለተላጨ ሽብልቁ ወፈር ማለት ነበረበት። እትዬ አስካለ ለምን አመድ እንዳስፈለገ ሲጠይቁ ጋሽ ወልዴ «ብል እንዳይበላው ነው» አሏቸው። አራቱን አዲስ ሽብልቆች ጠርቤ ስጨርስ ገጠምነው። በሩ አጠገብ አቆምነውና እኔ ላዩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩበት፣ ተወዛወዝኩበት። ንቅንቅ አላለም።

የኔታ ግን ሊነኩት አልፈለጉም። «ደግ ሠርታችኋል። ዕቃ ይቀመጥበታል» አሉ። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ እንስራቸውን አነሱና ወደ ምንጭ ወረዱ። ጋሽ ወልዴ የእትዬ አስካለን አህያ ሊያጠጡ ወጡ። እኔና የኔታ ብቻችንን ቀረን።

«ሽብልቁን የጠረብከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎን፣ የኔታ።»

«አንዱን ንቀልና አምጣልኝ።»

ነቅዬ በግራ እጃቸው አስያዝኳቸው። በጣቶቻቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ይኸኛው ደርቋል» አሉ።

የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የወደቅሁ ዕለት እጄ ቅቤ ቅቤ ይል ነበር። ዓይኔ ቢጠፋ አፍንጫዬ አለ። የፊተኛውም ሽብልቅህ ቀጭን አልነበረም፣ ልጄ። እሷ ግን ሳታውቀው ትኑር። የጌታህ ቃል ቃል ሆኖ ይቅር።»

«እሺ የኔታ» አልኩ።

ሽብልቁን መለሱልኝ። «አጥብቀህ ምታው» አሉኝ።

በማግሥቱ ሰንበት ነበር። እኛ ከመደቡ ላይ ተኝተን ነበር፤ ጎህ ሊቀድ ሲል የኔታ ሲነሱ ሰማሁ። ማንንም አልጠሩም፣ ማንም አልተነሳም። ግድግዳውን እየዳሰሱ መጥተው እጃቸው ጠረጴዛውን አገኘ። ቆሙ። ከዚያ በሙሉ ክብደታቸው ተደገፉት። እንጨቱ ድምፅ አላሰማም። ሻሻቸውን አንስተው በአንድ እጃቸው እንደምንም ጠመጠሙ፣ መቋሚያቸውን ከቀዳዳው መዘዙና በሩን ከፈቱ።

እትዬ አስካለ ተነሥተው ተቀምጠው ነበር። መቋሚያው ካቡን ሲነካ፣ ቀጥሎ ሲነካ፣ እየራቀ ሲሄድ፣ እስኪጠፋ ድረስ ሲያዳምጡ አየኋቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ ወልዴ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

የኔታ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የደብሩ አለቃ በገዛ እግሩ ቀድሞ የደረሰን ሰው ሊመልሱት አልቻሉም። ክንዳቸው ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቀረ እንጂ ድኖላቸዋል ሲባል ሰማን። ብዙ ዓመት መሩ።

ሥራ ቤታችን ግን ያን ያህል አልቀናውም። «ሰው ጣይ» የሚል ስም ወጣልን። ገበያ ቀን ሰው መጥቶ ጠረጴዛውን ይገፋና፣ ይስቅና ይሄዳል። ጋሽ ወልዴ ለረጅም ጊዜ በር፣ አልጋና የሬሳ ሣጥን እየሠሩ አሳለፉ። አንድ ቀን እንኳ ስለ ቅቤው ለሰው ሲያወሩ አልሰማሁም። እኔም እልህ በያዘኝ ቁጥር የየኔታ ቃል ትዝ እያለኝ ምላሴን ነከስኩ።

ቀስ በቀስ ግን ሰው ተመለሰ። ጋሽ ወልዴም ከዚያ ወዲህ ገጥሞ ማሳየት ሲጨርሱ የሚናገሩት አንድ ነገር ጨመሩ። «ገጹን የፈለጋችሁትን ቀቡት። ምላሱንና ሽብልቁን ግን ቅቤ አታስነኩ፤ ደረቅ ይሁን» ይላሉ። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ «ሽብልቅ ቅቤ አይወድም» ብቻ ብለው ያልፉታል። ሥራ ቤቱን ለእኔ ለቀው እቤታቸው እስኪቀመጡ፣ ኋላም እስኪያርፉ ድረስ ይህን አላቋረጡም። እኔም ተቀብዬ ቀጠልኩበት።

በስድሳዎቹ ውስጥ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ለአንድ ገበሬ ጠረጴዛ ገጥሜ አሳይቼ ያንኑ ቃል ስናገር አንዲት አሮጊት ከበስተኋላው ቆመው ይሰሙኝ ነበር። ገበሬው ጭኖ ሲሄድ ቀረብ አሉ። እትዬ አስካለ ናቸው። የኔታ ካረፉ ሁለተኛው ዓመት ነበር፤ ጥቁር ለብሰዋል። የወንድማቸውን ልጅ ሊድሩ ነውና ለእሷ ጎጆ የመግቢያ ጠረጴዛ ሊገዙ ነው የመጡት።

ጉልበት ስሜ በርጩማ አቀረብኩ። አልተቀመጡም።

«ተሰማ፣ ለሰው ሁሉ ይህን ትናገራለህ? የቅቤውን ነገር?»

«አዎን፣ እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። አፌ የለመደውን ተናግሬ እሳቸውን አላየኋቸውም። ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። እዚያ ቆመው አመዱን፣ መሮውን፣ ከጣቴ የሾለከውን ሽብልቅ እያስታወሱ እንደሆነ ታወቀኝ። ያን ሁሉ ዓመት የተሰደበው የሥራዬ እውነት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ይህ የቅርብ ጊዜ ነው» አልኳቸው። «የእርስዎ ጠረጴዛ ሌላ ነው፣ እትዬ። ሽብልቁ ቀጥኖ ነበር። የጠረብኩትም እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ወልዴም እንዲህ ነው ያሉት» አሉ። «የኔታም እስኪያርፉ ድረስ እንዲህ ነበር የሚሉኝ። አንድ ቀን እንኳ ሳያዛንፉ።»

ጎንበስ ብለው ለሽያጭ ካዘጋጀሁት ጠረጴዛ ላይ አንዱን ሽብልቅ አነሱ። በነጠላቸው ጫፍ ፊቱንም ጀርባውንም ቀስ ብለው ጠረጉት፣ ጣታቸውንም ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉት። ከዚያ ቀዳዳው ውስጥ ሰካ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው፣ እትዬ።»

«ለልጅቷ እነግራታለሁ» አሉ።

ጠረጴዛውን አህያቸው ላይ ጭኜ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘኋቸው።

በዚህ ሙያ ላላችሁ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ምላስና ሽብልቅ ደረቅ ይሁን። ይህንንም ለገዢው ዕቃው ሳይጫን በፊት ንገሩት።